ቡናው ይቅር ወይ? የግቢ ልጆች ጥያቄና መልስ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደየቤቱ ተበትኖ ከረመ። በ2013 በየተራ ሲመለስ ግቢው የድሮው ግቢ አልሆነለትም። ያን ሰሞን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ፈተና አልነበሩም፤ ስለ ጓደኛ ነበሩ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው እነሆ።

«ጋሼ፣ ደሴ ነው የምማረው። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እናፈላለን። አንዷ እናቷ ስኳር አለባቸው፤ ‹በሽታ ይዤባቸው ብሄድስ› ብላ አልጋዋ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሌሎቹ ‹ኮራችብን› ይላሉ። ቡናውን እንተወው?»

አትተዉት፣ የኔ ልጅ። ወሎ ውስጥ ቡና ቀረ ማለት ምርቃቱም፣ ጨዋታውም፣ «እንዴት አደርሽ»ም ቀረ ማለት ነው። ልጅቷ ግን አልኮራችም። ይህ በሽታ ስኳር ያለበትን ሰው አብዝቶ ይጎዳል፤ ወጣት ደግሞ ምንም ሳያመው ሊያስተላልፍ ይችላል። ፍርሃቷ የእናት ፍቅር ነውና «ኮራች» የምትለውን ቃል ዛሬውኑ አንሱላት። አልጋዋ ላይ መቀመጧም ቢሆን አይጠብቃትም፤ የምትተነፍሱት አንድ አየር ነው። ከስኒው ይልቅ የሚያሰጋኝ የተዘጋው ክፍል ነው፤ የደሴን ብርድ ስለማውቀው መስኮት እንደማትከፍቱ አውቃለሁ። ጋቢያችሁን ደርባችሁ ጀበናውን ወደ ደጅ አውጡት። ጎረቤቴ ግቢ የተከራዩ ተማሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦ ተራርቀው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዷ የራሷ ስኒ አላት፣ ስሩ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበታል። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አልተጓደለም። የመጪውን ቅዳሜ ቡና ያቺው ልጅ ታፍላ። አብሽሩ።

«ኮምቦልቻ ነኝ። የዲፓርትመንት የእግር ኳስ ውድድራችን ቀረ። በግላችን ብንጫወትስ?»

መጀመሪያ የግቢያችሁን መመሪያ ጠይቁ። ከተፈቀደ በጥቂት ልጆች፣ ያለ ተመልካች ተጫወቱ፤ አንድ ሃይላንድ ለሁሉም አይዙር፣ ጎል ሲገባ አትተቃቀፉ። የሚያስለው ልጅ ዶርሙ ይረፍ።

«ወልድያ ያለን የኪነ ጥበብ ክበብ አባላት ነን። አዳራሽ ስለተከለከልን በቴሌግራም ግጥም ማንበብ ጀመርን፤ ከአርባ ሰው ስድስት ቀረን። እንዝጋው?»

ስድስት ሰው ክበብ ነው፤ አትዝጉት። የቀሩት ስለሰለቹ ነው ብላችሁም አትዘኑባቸው፤ ፓኬጅ መግዣ ያጣው ብዙ ነው። ቪዲዮውን ትታችሁ አጭር የድምጽ ቅጂ ላኩ፣ ለኪስም ለኔትወርክም ይቀላል። ከሁሉ በላይ የምመኘው ግን ሌላ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። እያንዳንዳችሁ ለዕረፍት ቤት ስትገቡ ከሰፈራችሁ አዛውንት አንድ እንጉርጉሮ፣ አንድ መንዙማ ወይም አንድ ምርቃት፣ አስፈቅዳችሁ፣ ደጅ ላይ ሆናችሁ ቅዱ። አዳራሹ ሲከፈት የምታቀርቡት ይኖራችኋል፤ እነዚያ አዛውንት ግን ሁልጊዜ አይገኙም።

«ዘንድሮ እመረቃለሁ። ቤተሰብ መጥራት አልተፈቀደም። አባቴ ባቲ አካባቢ ገበሬ ነው፤ አራት ዓመት የጠበቃት ቀን ነበረች።»

ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ጋወኑን የምትመልስበትን ቀን አስረዝምና ይዘኸው ባቲ ውረድ። ሰፈርተኛውን ሁሉ አትጥራ። ማስክህን አድርገህ፣ ጋወንህን ለብሰህ ደጁ ላይ ራቅ ብለህ ቁምለት፤ ጉልበቱን ለመሳም አትቸኩል። እሱ በሩ ላይ ሆኖ አይቶ ይጥገብህ፣ ከዚያም ይመርቅህ።