መልስ፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጓሮ ላይ ቤት ስለመሥራት

ወንድሜ፣ «ለእናቴ ጓሮዬ ላይ ትንሽ ቤት ልሥራ ስል ጎረቤቴ ከተማው ሄጄ እቃወማለሁ አለኝ፤ ሊያስከለክለኝ ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሕጉን እስካሟላህ ድረስ አይችልም። አትጨነቅ።

ድሮ ነገሩ በየከተማው እጅ ነበር። ስብሰባ ይጠራል፣ ጎረቤት ተነስቶ ይናገራል፣ አንተ ትመላለሳለህ። ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ግን ስቴቱ ባወጣው ሕግ ከተማውም ካውንቲውም ማመልከቻህ ከተሟላ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ዝም ካሉ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ጎረቤት የሚቃወምበት ስብሰባም የለም።

አሁን ሜትር ይዘህ ጓሮህ ውጣ። ከጎንና ከኋላ ከይዞታህ ወሰን 4 ፊት ከተውክ ይበቃል። ቤቱ ከ750 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ደግሞ ኢምፓክት ፊ የሚባለውን፣ አዲስ ቤት ሲሠራ የሚጠየቀውን ክፍያ፣ አትከፍልም፤ ይሄ ቀላል ብር አይደለም። ጋራዥህን ወደ ቤት ብትቀይርም ለመኪናው ሌላ ቦታ አዘጋጅ ሊሉህ አይችሉም።

«የተሟላ» የምትለዋን ቃል ግን አደራ። አንድ ፕላን ከጎደለ 60 ቀኑ መቁጠር አይጀምርም። ስታስገባ ቀን ያለበት ማረጋገጫ ተቀበልና አስቀምጥ። እናትህን እንኳን ደህና መጡ በልልኝ።