ወንድሜ በጨዋታ መሃል አባታችንን ሆኖ ይናገራል

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሰው ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከአባታችን ሙት ዓመት ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቻችን ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚናገርበትን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ወንድሜ ለወራት ሲጫወት የቆየው አንድ ሽማግሌ በር ጠባቂ ነው። አነጋገሩ፣ ሳሉ፣ በርኖስ የሚደርብበት አኳኋን ሁሉ መሐል ሜዳ ከተማ በሞት የተለዩን አባታችን ናቸው። ሰው ይስቃል። አባታችን የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ የተዝካራቸውን ወጪ በሙሉ የሸፈንሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የእኔ ገጸ ባሕርይ በሩ ላይ ሲደርስ «ዘግይተህ መጣህ፤ አሁን ምን ልሁንህ?» አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። የአባቱን ክብር እንዲጠብቅ እንዴት ላስረዳው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የአባትዎ ክብር አለ፣ ተዝካሩም አለ። አባትዎ ሲታመሙ ማን እንዳስታመማቸው ግን አንድ ቃል የለም። ወንድምዎ እስከ ሙት ዓመቱ መሐል ሜዳ እንደነበረ እገምታለሁ። ግምቴ ልክ ከሆነ፣ ያንን ሳል ከየት እንዳገኘው ያስቡ። ለበዓል ደርሶ የሚመለስ ልጅ የአባቱን ሳል እንዲህ አይቀርጸውም፤ ሌሊቱን ነቅቶ ያዳመጠ ነው የሚያውቀው።

ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ካሳተሙት ጊዜ ጀምሮ ደንቡ ለገጸ ባሕርይው ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ብልህነት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ ቁጥር ይሰጣል። ሽማግሌው በምን እንደሚቀየም፣ ደጅ ላይ ቆሞ ማንን እንደሚጠብቅ የሚናገር ቁጥር ግን የለም። ያንን ተጫዋቹ ከራሱ ያመጣዋል። አንዱ ሊሆን የሚመኘውን ይጫወታል፤ ሌላው የሚፈራውን። የናፈቀውን የሚጫወትም አለ፤ ወንድምዎ ከእነዚህ አንዱ ይመስለኛል።

በእኛ ሀገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ ይወጣል፤ አልቃሿ ሥራውንና ንግግሩን እያነሣች ታስለቅሳለች። ማንም ንቀት አይለውም። ሳይኮድራማን፣ ማለትም ሰው ችግሩን በቃል ብቻ ሳይሆን እየተወነ የሚገልጽበትን የሥነ ልቦና ሕክምና፣ የመሠረተው ሐኪም ጄኮብ ሞሬኖም ሰው የወላጁን ቦታ ይዞ በወላጁ አፍ እንዲናገር ያደርግ ነበር። ስለ አባት ስናወራ የምናውቀውን እንደግማለን። አባትን ሆነን ስንናገር ግን እኛው ያላሰብነው ቃል ይወጣል፤ አንዳንዴም ለዓመታት የጠበቅነው ቃል ነው። ወንድምዎ ቅዳሜ ማታ የሚያደርገው ይህንን ይመስለኛል፤ እርስዎም እዚያው ተቀምጠው ሰምተዋል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ሳቁን ለወራት ታግሠዋል። የተነሡት «ዘግይተህ መጣህ» በተባሉበት ቅጽበት ነው። ቃሉ ስድብ አልነበረም፤ የአባትዎንም ክብር አልነካም። የነካው እርስዎን ነው። ወንድምዎ ሆን ብሎ ወቅሶዎት እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም፤ ምናልባት በር ጠባቂ ለማንኛውም መንገደኛ የሚለውን ብሎ ይሆናል። ቃሉ ያን ያህል የወጋዎት ግን እርስዎ ራስዎን ሲሉት የኖሩት ስለሆነ ይመስለኛል። ሠርቶ ገንዘብ የላከ ልጅም ልጅ ነው፤ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሆኖም ተዝካር ያወጣ ሰው ኀዘኑን ጨርሷል ማለት አይደለም። የእርስዎ ኀዘን ገና አልተጀመረም ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ እንዴት ላስረዳው ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ፣ አያስረዱት ነው። ከጨዋታው ጠረጴዛ ርቃችሁ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ አባታችሁ በመጨረሻው ሰሞን ምን ይሉ እንደነበር ይጠይቁት፤ ሲመልስም አያርሙት። በመጀመሪያው ቀን ዝም ሊልዎት ይችላል፤ አያስቸኩሉት። ሽማግሌው ለጊዜው ከጨዋታው ይረፍ ብላችሁ ብትስማሙም መልካም ነው፤ ጓደኞቻችሁ ይህን ለመሸከም አልተሰበሰቡምና። ከዚህ ያለፈውን በደብዳቤ ልመክርዎት አልደፍርም። ቅርብዎ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በአካል ቢሄዱ እመርጣለሁ። ወንድምዎ አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ካልፈለገ ግን እርሱን ሳይጠብቁ ብቻዎን ይሂዱ።