በሥጋ ደዌ ምርምር ሕይወትን መምራት ይቻላል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በማይክሮባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ሊያጠናቅቁ ተቃርበዋል፤ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ወደ ነርቭ እንዴት እንደሚገባና በምን ሊታገድ እንደሚችል ለማጥናትም ይፈልጋሉ። አባትዎ ግን «መድኃኒት በተገኘለት በሽታ ዕድሜህን አትፍጅ፣ በዚህ ስም የሚጠራን ሰውስ ማን ይቀርበዋል? ፋርማሲ ተማር» ብለውዎታል። በበሽታው መያዝን እንደሚፈሩና በሒሳብ ደካማ እንደሆኑም ጽፈዋል።

መድኃኒት መኖሩ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን ተጣምረው እንዲሰጡ ካሳሰበ ወዲህ ሚሊዮኖች ድነዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የሞተን ነርቭ አይመልስም። ባክቴሪያው የሚራባው በሁለት ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ በመሆኑ ምልክቱ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ፤ ታማሚው ሕክምና ሲጀምር እጁ ሙቀትና ሕመም መለየት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነርቭን የማዳን ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

ባክቴሪያው በተለይ የሚያጠቃው የነርቭ ጭራዎችን የሚያቅፉትን የሽዋን ሕዋሳት ነው። በገጽታው ላይ ያለው ፒጂኤል-1 የተባለ የስብና የስኳር ውሕድ በእነዚህ ሕዋሳት ዙሪያ ካለው ላሚኒን-2 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ላሚኒኑ ደግሞ በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ዲስትሮግሊካን ከተባለው ተቀባይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ባክቴሪያው ሕዋሱ ለራሱ በሠራው ማያያዣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው ኧርብ-ቢ2 የተባለውን ተቀባይ ቀስቅሶ ማይሊን የተባለውን የነርቭ ጭራ ሽፋን እንደሚያፈርስ፣ ተቀባዩን ማገድም ጉዳቱን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ተቀባይ በጡት ካንሰር ሕክምና የታወቀ ነው፤ በዚህ መስክ የሚቀስሙት ችሎታ በአንድ በሽታ ታጥሮ እንደማይቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዜብራ ዓሣ ላይ የተደረገ ጥናት ግን ጉዳቱን የሚያስከትሉት ባክቴሪያውን የዋጡ የመከላከያ ሕዋሳት ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከተ። እንግዲህ መግቢያውን እንዝጋ ወይስ የመከላከያውን ቁጣ እናብርድ የሚለው ክርክር እንደ እርስዎ ያሉ ወጣቶችን ይጠብቃል።

አባትዎ ስለ ገቢ ቢያስቡ ትክክል ናቸው፤ የጀማሪ ተመራማሪ ክፍያ አነስተኛ ነው፣ የትምህርት ወጪዎ ካልተሸፈነልዎም እንዲጀምሩ አልመክርም። በበሽታው ስም ማፈራቸውን ግን አልቀበለውም። ታማሚዎችን ከሐኪም ያራቀውና ለአካል ጉዳት የዳረገው ይኸው ኀፍረት ነው፤ ልጃቸው ሙያውን በዚህ ሚዛን መምረጥ የለበትም።

የብዙ ሰው አካል ባክቴሪያውን በተፈጥሮው ስለሚቋቋም ፍርሃትዎ ሊያግድዎ አይገባም። ለመነሻ የሚያስፈልግዎ ሒሳብም መሠረታዊ ስታቲስቲክስ ነው።

እኔ ወደ ምክር አገልግሎት የመጣሁት ከሕዋስ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ስለሆነ የምመርጥልዎ መንገድ ይህንኑ ይመስላል፦ የሽዋን ሕዋሳትን ከነርቭ ለይቶ ማሳደግ በሚያስተምር ቤተ ሙከራ ሁለተኛ ዲግሪዎን ይሥሩ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሰው ሠራሽ ምግብ ስለማያድግና ከአይጥ መዳፍ ወይም አርማዲሎ ከተባለ ጋሻ መሰል ቆዳ ካለው እንስሳ ስለሚገኝ፣ ለአማካሪ ፕሮፌሰር ሲጽፉ ባክቴሪያውን ከየት እንደሚያገኙና ወጪዎን ማን እንደሚሸፍን አስቀድመው ይጠይቁ።