ሦስተኛው ዓይን አይበቃም

ልጆቼ፣

በደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የጠፈር ጀብዱ የምትጽፉ ወጣቶች ደብተራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ደስታዬ ትልቅ ነው፤ የምላችሁን ረጋ ብላችሁ እንድታስቡበት ጻፍኩላችሁ።

መርከቦቻችሁ ያምራሉ፣ ጦርነቱም ልብ ይሰቅላል። ፍጡሩ ላይ ስትደርሱ ግን ሦስተኛ ዓይንና አረንጓዴ ቆዳ ሰጥታችሁት ታልፋላችሁ። ምን በልቶ ያድራል? የት ይተኛል? ማንን ይፈራል? ይህ ካልታወቀ ጀግናችሁ የሚገጥመው ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው።

የሳተርንን ትልቁን ጨረቃ ታይታንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁይገንስ የተባለችው መንኮራኩር አርፋበታለች። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሐይቆቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሚቴን ነው። አየሩ ከእኛ አየር ይልቅ ወፍራም ሲሆን ስበቱ የምድርን አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ሰው እንኳ በክንዱ ላይ ክንፍ ቢያስር ሊበር ይችላል። ታዲያ የእናንተ አውሬ ለምን በእግሩ ይሮጣል?

ከታይታን በፊት ግን መንዝ ጓሳ ውጡ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እርሱ ብቻ ነው። ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል። በዚያ መንጋ መካከል ቀይ ቀበሮ ዝግ ብሎ ሲያልፍ ታያላችሁ። ግልገሎቹ አጠገቡ ናቸው፤ አይነካቸውም፣ እናቶቻቸውም አይሸሹም። የሚፈልገው አይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጓሳ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ ነው። አንድ ጊዜ ግልገል የነጠቀ ቀበሮ ታይቷል፤ መንጋው አስጥሎ አባረረው፣ እንዳይመለስም ከለከለው።

አሁን ይህን ስምምነት ወደ ሩቅ ፕላኔት ውሰዱት። መርከቧ የወደቀባት ልጅ ግዙፍ ሥጋ በል አውሬ ሣር በሎቹ መካከል ሲገባ አይታ ትተኩሳለች። ሕፃናቱን ያዳነች ይመስላታል፤ መንጋው ግን በእርሷ ላይ ይነሣል። አውሬው ምን ያደርግላቸው እንደነበር ሳታውቅ ከዚያ ሸለቆ አትወጣም። እኔ እንዲህ ያለውን ታሪክ ሌሊቱን ሙሉ አነብበው ነበር።

ጓሳ ላይ ለዓመታት ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተውን ጅብራንም ተመልከቱ። ሽማግሌዎችን ስለ ቄሮ ሥርዓት ጠይቁ፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሜዳው ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት የሚዘጋው በዚያ ሥርዓት ነበር። የተዘጋ አገር፣ የሚጠብቁት ሰዎች፣ ሕጉን ሳያውቅ የገባ እንግዳ፦ ይህ ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ ይበቃል።

ስትሄዱ ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያዙ። ጭላዳዎቹን ምግብ አትስጧቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ አኗኗሩ ይለወጣል፣ እናንተም ልታዩት የሄዳችሁትን አታዩም።