መልስ፦ ጡረታ ለወጡ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ለፊርማ ስለመላክ

«የተጫዋቹ ፎቶ ያለበትን ካርዴን እንዲፈርምልኝ በፖስታ ልኬ ሳይመለስ ቢቀርስ?» ላልከው፣ አዎ፣ ሊቀር ይችላል። እኔም በዚያው የቀረብኝ አለ። ስለዚህ ውድ ካርድ አትላክ። ቶፕስ የተባለው የአሜሪካ ካርድ አሳታሚ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይበቃል፤ ያ ጠርዙ እንጨት የሚመስለው። በገፍ ስለታተመ ርካሽ ነው፤ ብዙም ስለማያብረቀርቅ የፊርማውን ቀለም ይይዛል። የሚያብለጨልጩትን አዳዲሶቹን ግን መጀመሪያ በሕፃናት ፓውደር ቀስ አድርገህ እሻቸው፤ አለዚያ ቀለሙ ይንሸራተታል።

ዋናው የመመለሻው ፖስታ ነው። ያንተ አድራሻ ተጽፎበት፣ ቴምብር ተለጥፎበት አብሮ ይግባ። ሽማግሌውን ከኪሱ አውጥቶ ቴምብር እንዲገዛ አታድርገው! ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ በእጅህ ጻፈው። ለፊርማ ገንዘብ የሚጠይቁም ስላሉ ቀድመህ አጣራ። ከዚያ መጠበቅ ነው። የእኔ አንዱ በ9 ቀን መጣ፣ ሌላው ዓመት አለፈው።