ስጦታ፣ መርዝ፣ ጋብቻ፦ ስለ «ጊፍት» ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር ነው የምኖረው። አንድ ጠርሙስ ላይ «ጊፍት» የሚል ጽሑፍ አይቼ፣ በእንግሊዝኛ «ስጦታ» ማለት ነውና ስጦታ አለው ብዬ ደስ አለኝ፤ ለካ በጀርመንኛ «መርዝ» ማለት ኖሯል። ሁለቱ ቃላት በአጋጣሚ ተመሳስለው ነው?

መልስ፦ በፍጹም፣ ግንዳቸው አንድ ነው። ሁለቱም የበቀሉት «መስጠት» ከሚለው ግስ ነው፤ ጀርመኖች «ጌበን»፣ እንግሊዞች «ጊቭ» የሚሉት። በጥንቱ ጀርመንኛም «ጊፍት» ስጦታ ነበር። ቃሉን ያጠቆረው ሕክምና ነው። ግሪኮች ለሕመምተኛ የሚሰጠውን መጠን «ዶሲስ» ይሉታል፤ ፍቺው «መስጠት» ነው። ላቲን ቃሉን ወረሰ፣ ጀርመንኛ ደግሞ በራሱ «ጊፍት» ተረጎመው። ለሰው የሚሰጠው ነገር መጀመሪያ መድኃኒት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የሚገድለው ብቻ ስሙን ይዞ ቀረ። እኛስ «የአይጥ መድኃኒት» እንል የለም? «መድኃኒት አበሉት» ሲባልም ማንም ፈውስ አይመስለውም። አስፈሪን ነገር በለስላሳ ስም መጥራት የሁሉም ሕዝብ ጠባይ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቀድሞው ትርጉም ከጀርመንኛ ጨርሶ ጠፋ?

መልስ፦ «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል ውስጥ ተርፏል፤ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትሄደው ሀብት ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ስዊድን ናት። እዚያ «ጊፍት» «ባለትዳር» ማለት ነው ትላለች።

መልስ፦ ልክ ናት። አጠራሩ «ዪፍት» ይሆናል። ቤተሰብ ልጁን ይሰጥ ስለነበር ነው፤ እኛም «ልጃቸውን ሰጡት» እንላለን። በዚያው ፊደልና በዚያው ድምፅ መርዝም ማለት ነው። በዴንማርክና በኖርዌይም ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከዚህ ተነሥቶ ትዳርን መርዝ የሚያደርግ ቀልድ አለ። እኔ አልወደውም፤ ቃሉ የሚመሰክረው መስጠትን ብቻ ነውና።

ጥያቄ፦ ሆላንድኛስ?

መልስ፦ በአንድ ፊደል ለያቸው፦ «ኺፍት» ስጦታ፣ «ኺፍ» መርዝ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ንጹሑን ትርጉም የጠበቀው እንግሊዝኛ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ «ዪፍት» ተብሎ ይነበብ ነበር፤ ትርጉሙም ወንዱ ለሚያገባት ሴት የሚከፍለው ጥሎሽ ነበር። ዛሬ የምንሰማው ጠንካራው «ጊ» እና «ስጦታ» የሚለው ሰፊ ትርጉም የመጡት ከስካንዲኔቪያ በባሕር መጥተው እንግሊዝ ከሰፈሩት ቫይኪንጎች ቋንቋ ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዮች መርዝን የሚጠሩበት «ፕዋዞን» ከዚህ ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ በዘር አይዛመድም፣ በታሪክ ግን ወንድሙ ነው። የላቲኑ «ፖቲዮ» መጠጥ ማለት ነበር፤ ሐኪም የሚያጠጣው መድኃኒትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ከዚያ ጽዋው መረረ። እንግሊዞችም መርዝን «ፖይዘን» ያሉት ከፈረንሳይኛ ወስደው ነው።