«ዘ ወተር ቤቢስ»ን ለ9 ዓመት ልጅ ላንብብለት ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ይህን የልጆች ተረት አንብቢለት፤ ግን እየመረጥሽ። ስብከት ነው ወይስ ሳይንስ ላልሽው፣ ሁለቱም ነው። ደራሲው ቻርልስ ኪንግስሊ ቄስ ነበር፤ ሕያዋን ፍጥረታት ቀስ በቀስ እየተለወጡ መጡ የሚለውን የዳርዊንን ሐሳብ ቀድመው በደስታ ከተቀበሉት የእንግሊዝ ቄሶችም አንዱ ነው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው።

ቶም የጭስ ማውጫ የሚጠርግ ምስኪን ልጅ ነው። አንድ ቀን መንገድ ተሳስቶ የአንዲት ሀብታም ልጅ መኝታ ክፍል ውስጥ ይወርዳል። እዚያ ጥላሸት የለበሰ አስቀያሚ ፍጥረት ያያል። ለካ መስታወት ነው፣ ያየውም ራሱን! እኔ ይሄን ቦታ ሳነብ ሁሌም ሆዴ ይባባል። ከዚያ ሸሽቶ ወንዝ ይገባና እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስ ሕፃን ይሆናል።

ትምህርቱ በተግባር ነው የሚመጣው። ቶም ለተንኮል በባሕር እንስሳት አፍ ጠጠር ይከታል። ለውሃ ሕፃናቱ ጣፋጭ የምታድለው እመቤት ተራው ሲደርስ ለእሱም አፉ ውስጥ ጠጠር ትከትለታለች። ልጅሽ ይቺን አይረሳትም።

ሽሙጡ ግን ለአዋቂ ነው። ሳይንቲስቶቹ ሪቻርድ ኦወንና ቶማስ ሃክስሊ በሰውና በጎሪላ አንጎል ልዩነት ላይ ያደረጉትን ክርክር ይነካካል፤ ልጅ አይገባውም፣ እለፊው። አየርላንዳውያንን ጨምሮ ሌሎች ሕዝቦችን የሚያንቋሽሹ ቦታዎችም አሉ፤ እነሱን ዝም ብለሽ አታንብቢለት። አጠር ተደርጎ የተዘጋጀ እትም ካገኘሽ እሱን ያዢ።